ከአሰላ እስከ ዝዋይ ዳርቻ፦ ወፎችን ስናይ የዋልንበት ቀን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጆች «ዛሬ የት እንሂድ?» ይላሉ። አባት ኪሱን ይዳብሳል፤ እናት የቤቱን ሥራ ታስባለች፤ በመጨረሻም ልጆቹ ቴሌቪዥን ወይም ሞባይል ላይ አፍጥጠው ቀኑ ይመሻል። በዛሬው ዝግጅታችን ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይዘን ቀርበናል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአንድ ቀንም ደርሶ መመለስ ይቻላል። ይኸውም ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወርዶ ወፎችን ማየት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ወፍ ለማየት ብሎ መንገድ መሄድ ምን የሚሉት ነው?» ትሉ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ሙልክ ውስጥ የሰው ልጅ ከበላዩ ክንፋቸውን እየዘረጉና እየሰበሰቡ የሚበሩትን ወፎች ልብ ብሎ እንዲያይ ያሳስባል። በሱረቱ ነምል ደግሞ ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ከሩቅ አገር ወሬ ይዞ የመጣው ሁድሁድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሁድሁድ ዛሬም በአገራችን አለ። ራሱ ላይ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ጉትዬ ያለው፣ ረጅም ቀጭን ምንቃሩን መሬት ውስጥ እየሰካ ትል የሚፈልግ ወፍ ነው። ታሪኩን በቃል የሚያውቅ፣ ወፉን ግን በዓይኑ ለይቶ የማያውቅ ልጅ በመካከላችን ስንት ይሆን?

በአንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ሦስት ቤተሰቦችና ጥቂት የመድረሳ ተማሪዎች ከኡስታዛቸው ጋር ሆነን ያደረግነውን ጉዞ እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን። ያየነውንም፣ የተማርነውንም፣ በመጨረሻ ያሳሰበንንም ነገር እንነግራችኋለን።

ጉዞው ከደጃችን ይጀምራል

የሱብሒ ሰላት ሰግደን ስንወጣ የአሰላ ብርድ ጋቢ ያስደርብ ነበር። መኪናው እስኪመጣ ቆመን ሳለ ከባሕር ዛፎቹ በላይ እየተንጫጩ ያለፉ ወፎች ነበሩ። ጋጋኖ ናቸው። በየማለዳው ድምፃቸውን እንሰማለን፤ ልብ አንላቸውም እንጂ። ይህ ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያለው ወፍ በዓለም ላይ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ ከፍለው እርሱን ለማየት የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኛ ግን በነፃ ቀስቅሶን እንኳ ቀና ብለን አናየውም።

ወደ ደጋው ከፍ ስንል ደግሞ በረግረጉና በምንጮቹ ዳር ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለበት ዝይ ይገኛል። እርሱም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ስለዚህ ወፍ የማየት ጉዞ የግድ ከሩቅ አይጀምርም። ከደጃፍ ይጀመራል።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጭላሎ ተራራ፣ እንዲሁም የገለማና የካካ ተራሮች ውሃቸውን በየጅረቱ ያወርዳሉ። እነዚህ ጅረቶች ተሰባስበው የቀጠር ወንዝ ይሆናሉ። ቀጠርም ወደ ምዕራብ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ዋና ወንዞች አንዱ እርሱ ነው፤ ሌላው ከጉራጌ ተራሮች የሚነሳው የመቂ ወንዝ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐይቁ 1,636 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። እኛም በዚያ ጠዋት ውሃው የሚወርድበትን አቅጣጫ ተከትለን ወረድን። የስንዴውና የገብሱ ማሳ እያለቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ጋቢውም እየተጣጠፈ ሄደ።

ፀሐይን ከኋላ ማድረግ

ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ነገር የፀሐይን አቅጣጫ ነው። ፀሐይ ከፊት ለፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ቀለሙም መልኩም አይለይም። ከኋላ ስትሆን ግን እያንዳንዱ ላባ ይለያል። ለአሰላ ሰዎች ይህ መልካም ዕድል ነው። እኛ ወደ ሐይቁ የምንወርደው ከምሥራቅ ነው። ስለዚህ ጠዋት በምሥራቁ ዳርቻ ብንቆም ፀሐይ ከጀርባችን ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁን ዞሮ በምዕራቡ ዳርቻ ወደምትገኘው ባቱ ከተማ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ) መሄድ ነው። ያን ጊዜም ፀሐይ ዞራ ከኋላችን ትቆማለች።

ሁለተኛው ነገር ዝምታ ነው። መኪናውን ራቅ አድርጎ ማቆም፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ ልብስ አለመልበስ ይጠቅማል። ባይኖኩላር ካለ በጣም ጥሩ ነው፤ ለሦስት ቤተሰብ አንድ ይበቃል። ከሌለም ሐይቁ ዳር ያሉት ትላልቅ ወፎች በዓይን በደንብ ይታያሉ።

ዳርቻው ላይ ያየነው

ዝዋይ ሰፊ ነው፤ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጠለቅ የሚለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ለወፎች የተመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በቄጠማና በሸምበቆ የተሞላ ረግረግ ነው። ፀሐይ እስከ ታች ስለምትደርስ ሣሩም፣ ነፍሳቱም፣ ዓሣውም ይራባል። ወፉ የሚኖረው በዚያ ላይ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ያዩት በውሃ ላይ በተኛ ቅጠል ላይ የምትራመድ ወፍ ነው። «ውሃ ላይ ትሄዳለች!» ብለው ጮኹ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእግሯ ጣቶች እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷ በቅጠሉ ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አትሰምጥም። በዚህ ወፍ ቤት እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው አባትየው መሆኑን ስንነግራቸው እናቶች ሳቁ፤ አባቶች ግን ዝም አሉ።

ቀጥሎ ክንፉን ዘርግቶ እንደ ልብስ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ጥቁር ወፍ አየን። ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ የሚያሳድድ ሲሆን ላባው ውሃ ስለሚይዝ ሲወጣ ማድረቅ አለበት። ከዛፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነ ንስር ተቀምጦ ነበር። ድንገት ወረደና በጥፍሩ ዓሣ ይዞ ተነሳ። ረግረጉ ላይ በከብቶቹ እግር ሥር ቢጫ ደረት ያላቸው፣ ጭራቸውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዙ ትናንሽ ወፎች ይሯሯጡ ነበር። ከብቱ ሲረግጥ የሚነሳውን ነፍሳት ይለቅማሉ።

ከጭቃው ላይ ደግሞ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በብዛት ሰፍረው ምንቃራቸውን እየሰኩ ይመገባሉ። ከልጆቹ አንዱ ሁሉም አንድ ላይ ሲነሱ ለማየት ብሎ ድንጋይ አነሳ። ኡስታዙ እጁን ያዘና አስቀመጠው። ቀጥሎም አንድ ታሪክ ነገረው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰሓቦች ከአንዲት ወፍ ጎጆ ሁለት ጫጩቶች ይወስዳሉ። እናትየው ክንፏን እያርገበገበች ትዞራቸዋለች። ነቢዩም ይህን ሲያዩ ማን እንዳስጨነቃት ጠየቁ፤ ጫጩቶቿም እንዲመለሱላት አዘዙ። ልጁ ድንጋዩን ጣለ።

እንግዶቹ ከየት መጡ?

ልጁ ድንጋዩን መጣሉ ለእነዚያ ወፎች ትልቅ ነገር ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዝዋይ ነዋሪዎች አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው። ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ የመጡ ናቸው።

በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 200 ገደማ የሚሆኑት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተጓዦች ናቸው። በሰሜኑ አገር ክረምት ሲገባ ሐይቁ በረዶ ይሆናል፤ ነፍሳቱ ይጠፋል፤ ቀኑም ያጥራል። በዚያን ወቅት በእኛ አገር ዝናቡ ገና ማብቃቱ ነው፤ ረግረጉ ሞልቷል፤ ጭቃው በትልና በነፍሳት ተሞልቷል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምረው ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ይመለሳሉ። መንገዱን የሚያውቁት በፀሐይ፣ በከዋክብትና በምድር መግነጢሳዊ ኃይል እየተመሩ ነው።

ከእነርሱ መካከል ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትንሽ ወፍ አለች። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ይህም አራት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደ ማለት ነው። ይህች ፍጡር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጣ ትመጣለች። የምትበርበት ስንቅ በሰውነቷ ውስጥ ያጠራቀመችው ስብ ነው። በከንቱ አስደንግጠን ባስነሳናት ቁጥር ከዚያ ስንቅ እንቀንስባታለን። ለጨዋታ የተወረወረ ድንጋይ ባይመታትም ይጎዳታል የምንለው ለዚህ ነው።

ትላልቆቹ ወፎች ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። ነጩ ሽመላና ንስሮች ክንፋቸውን ዘርግተው ከምድር በሚነሳው ሙቅ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሳ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሱት ሽመላዎች በኢስታንቡል ሰማይ ላይ አልፈው፣ ሻምን አቋርጠው፣ በሲና በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ብዙ ንስሮችና ጭልፊቶች ደግሞ ከየመን በባብ አል መንደብ በኩል ይሻገራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቶ አርባ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 246 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ መዝግበዋል።

በ615 እ.ኤ.አ. ሰሓቦችም ከዐረብ ምድር ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጥተዋል። አገራችን ያን ጊዜም እንግዳ ተቀባይ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ በባቱ

ሐይቁን ዞረን ባቱ ገባን፤ በከተማዋ መስጊድ ዙህርን ሰግደን ምሳችንን ዓሣ በላን። ከዚያ ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ መውጫ ወረድን። እዚያ ወፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ ወፉ ራሱ ይመጣል።

ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች የሚጥሉትን አንጀትና አጥንት የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ልጆቹ «ሲያስጠሉ!» አሉ። አባ ኮዳ መላጣ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥምብና ቆሻሻ የሚበላ ወፍ አንገቱ በላባ ቢሸፈን ደሙ ይጣበቅበትና ይበሰብስ ነበር። እርሱ ባይኖር ያ ሁሉ ቆሻሻ ዳርቻው ላይ ይሸታል። የከተማው ጽዳት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል።

ከእነርሱ አጠገብ ነጫጭ ፔሊካኖች ከምንቃራቸው ሥር ያለውን ሰፊ ከረጢት እያንጠለጠሉ ይዋኛሉ። እነዚህ ወፎች ዓሣ የሚይዙት በጀማዓ ነው። ጎን ለጎን ተሰልፈው ግማሽ ክብ ይሠራሉ፤ ዓሣውን ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይነዱታል፤ ከዚያ ሁሉም ባንድነት ምንቃራቸውን ይነክራሉ። አንዱ ብቻውን ቢያሳድድ የሚያመልጠው ዓሣ በሰልፍ ሲነዳ አያመልጥም።

ያሳሰበን ነገር

መረባቸውን ከሚጠግኑት መካከል በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ነበሩ። «አባባ፣ ወፉም ዓሣውም ብዙ ነው እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው። ፈገግ አሉና «እናንተ ዛሬ ስለመጣችሁ ብዙ ይመስላችኋል» አሉ። ቆሮሶው እንደ ቀድሞው እንደማይያዝ፣ ውሃውም በአንዳንድ ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሸሽ ነገሩን። ቀጥለው «ከየት መጣችሁ?» አሉን። ከአሰላ መሆናችንን ስንነግራቸው «እንግዲያው ውሃው ከእናንተ ዘንድ ነው የሚመጣው» አሉ።

ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም። ነገሩንም ስናስተውለው እውነት ሆኖ አገኘነው። ደጋው ላይ ዛፉ ሲቆረጥና ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ በጎርፍ ወደ ቀጠር ይገባል፤ ከዚያም ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ይሞላል። በወንዙና በሐይቁ ዙሪያ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለአበባ እርሻ ውሃ በፓምፕ ይሳባል። ከየማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ወደ ታች ይወርዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም እምቦጭ አረም በዚህ ሐይቅ ላይ ታይቷል።

ይህ ዝም ቢባል ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዝዋይ የሚወጣው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ ሐይቅ ይወርዳል። አቢያታ ሌላ መጋቢ ቢኖረውም ዋናው ተስፋው ቡልቡላ ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ሲቀንስ፣ ከራሱ ከአቢያታም ሶዳ አሽ ለማምረት ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጣ። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በአቅራቢያው ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ በብዛት ይፈለፈሉ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያገኙት ከአቢያታ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ እነርሱም ተመናመኑ። በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለ ቦታ መሆኑ እንኳ አላዳነውም፤ ውሃው በአብዛኛው የሚቀንሰው ከፓርኩ አጥር ውጭ ስለሆነ ነው።

በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች እጅግ ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አውጥቷል፤ ዝዋይም ከእነርሱ አንዱ ነው። ነገር ግን ስሙ በመጽሐፍ ላይ መስፈሩ ብቻውን ሐይቁን ውሃ አይሞላውም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ውድ አድማጮቻችን፤ ገበሬው ሽንኩርቱን አያጠጣ፣ ማሳውንም አይረስ ማለታችን አይደለም። የቤተሰብ ጉሮሮ በዚያ ላይ ነው። ነገር ግን በተዳፋት ላይ እርከን መሥራት፣ የወንዙን ዳር እስከ ጫፍ አለማረስ፣ ምንጩ አጠገብ ባሕር ዛፍ ሳይሆን አገር በቀል ዛፍ መትከል፣ የመድኃኒት ጣሳ ወንዝ ውስጥ አለማጠብ፣ ቦዩን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አለመተው በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። የውዱእ ውሃ እንኳ እንዳይባክን የምንመከር ሰዎች ነን። ይህን ምክር ከመታጠቢያው አውጥተን እስከ ማሳችን ብናደርሰው መልካም ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ደግሞ ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ እንግዶቹም ያሉበት ነው። ሁለተኛ፣ ልጆች ባዶ እግራቸውን ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ ተጠንቀቁ፤ በሐይቁ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታ አለ። ሦስተኛ፣ በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ ስላለ በምሽትና በንጋት ጨለማ ከቄጠማው አትጠጉ። አራተኛ፣ የያዛችሁትን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ መልሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አምስተኛ፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ልጆች ያዩትን ወፍ ይሳሉ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁና ቁጥሩን ማንበብ ከቻላችሁ ጻፉት፤ ከየት አገር እንደ ተነሳ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው።

የዐስር ሰላት ሰግደን ወደ ላይ ተመለስን። የቀጠርን ወንዝ ስንሻገር ጠዋት ድንጋይ ያነሳው ልጅ በመስኮቱ ወደ ታች አየና «ወደ ወፎቹ የሚሄደው ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ፣ ይህ ነው» አልነው። አሰላ እስክንገባ ድረስ መንገድ ዳር የሚታየውን ጅረት ሁሉ «ይህስ?» እያለ ሲጠይቅ ቆየ። ለአብዛኛዎቹ መልሳችን «አዎ» ነበር።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ አይታችሁም ተመለሱ። አላህ (ሱ.ወ.) አይተው ከሚያስተውሉት፣ የተሰጣቸውንም አደራ ከሚጠብቁት ያድርገን።